300 ቃል፣ 30 ዶላር

መጀመሪያ ሂሳቡን ልንገራችሁ፤ ካልጣማችሁ እዚሁ ላይ ትተዉታላችሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለአሜሪካ ክርስቲያናዊ መጽሔቶች 14 ጽሑፍ ልኬያለሁ። 4ቱን ተቀበሉኝ። ገንዘብ ያየሁት ከ3ቱ ብቻ ነው፤ 30፣ 85 እና 120 ዶላር። ድምሩ 235። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ቲኬት ቤት ነው የምሠራው፤ ይህን ያህል ገንዘብ ጋራዡ ሁለት ፈረቃ ሳይሞላ ይከፍለኛል። እንግዲህ "ቤትዎ ተቀምጠው ይክበሩ" የሚል ነገር ፈልጋችሁ ከመጣችሁ፣ ይቅርታ።

ግን ሰው ይጠይቀኛል። ቅዳሴ ወጥተን ጠበል ጠዲቅ ስንቀምስ አንዱ ጎተት ያደርገኝና "እኔም እኮ እጽፋለሁ፣ እንዴት ነው ነገሩ?" ይለኛል። በቆምኩበት ተናግሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ የመጀመሪያዋን 30 ዶላር ታሪክ ከነብልሽቷ ልዘርዝረው። ሌሎቹን ያገኘሁት ከእሷ በተማርኩት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጫማ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ ሳይኖራት ከሜቶዲስቶች አዳራሽ ተከራይታ ነበር። ጫማችንን አውልቀን የምንደረድርበት ኮሪደር ላይ የእነሱ የመጽሔት መደርደሪያ ነበረ። ነጻ ነው፣ ያሰኘው ያነሳል። ከዓመት በላይ ጫማዬን ከሥሩ ሳስቀምጥ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። አንድ እሁድ ዝናብ አላስወጣን ሲል አንዲት የኪስ መጽሔት አነሳሁ። በቀን አንድ ገጽ ናት፤ ጥቅስ፣ አጭር ታሪክ፣ ጸሎት። ከሥር የጸሐፊው ስምና የሚኖርበት አገር። ፓስተር እገሌ፣ ዶክተር እገሌ የለም። ተራ ሰው ነው የሚጽፈው፣ ከየአገሩ።

አፐር ሩም ትባላለች። ስሟ እኛ ጽርሐ ጽዮን የምንለው ነው። የምትዘጋጀው ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ ነው። የተጀመረችው እንደ ፈረንጆቹ በ1935፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀቱ በተራበችበት ዘመን፣ ሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ያለች ፍራንሲስ ክሬግ የምትባል ሴትና የሰንበት ትምህርት ክፍሏ "ቤተሰብ በየቀኑ አብሮ የሚያነበው አጭር ነገር ይዘጋጅልን" ብለው በመጠየቃቸው ነው። ዛሬ ከ30 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ትታተማለች፤ ወደ 100 አገር ትደርሳለች።

ይህን የምነግራችሁ ታሪክ ወድጄ አይደለም፤ ሥራው የተደበቀው እዚህ ውስጥ ስለሆነ ነው። በቀን አንድ ገጽ ማለት በዓመት 365 ጽሑፍ ማለት ነው። ገጹን የሚሞሉት ደግሞ አንባቢዎቿ ናቸው። በ1956 በሰባኪው ቢሊ ግራም አነሳሽነት የተቋቋመው ክርስቲያኒቲ ቱደይ መጽሔት ትልቅ ስም ነው፣ እሺ፣ ግን የራሱ ጋዜጠኞች ያሉት፣ ከውጭ ሰው ሲወስድም በመስኩ የታወቀ ጸሐፊ የሚጋፋበት በር ነው። ስም የሌለው ሰው 365 ክፍት ቦታ ያለበት ሰልፍ ላይ ቢቆም ይሻለዋል። ይህ ግን ኋላ የገባኝ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት የሐበሻ ነገር ነበር፤ መጽሔቷ ለጸሐፊዎች ያወጣችውን መመሪያ ሳላነብ ጻፍኩ።

ምን ጻፍኩ መሰላችሁ። ስሜ "ጥላ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቀሪውን ገምቱት። አጎቴ ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነበር፤ ልጅ ሆኜ በዚህ ስም ሲጫወትብኝ ነው ያደግሁት። ጥላ ማለት መከለያ ነው፣ ከፀሐይ የሚያሳርፍ። ጥላ ማለት ደግሞ "ትታ፣ ወርውራ" ማለት ነው። "አገሬ ጥላ ሆና" ስትል የምትሰማውን ሰም ታውቃላችሁ፣ ወርቁ ደግሞ ዲቪ ደርሶት አውሮፕላን ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ያለ ነው። እኔም ይህን ይዤ፣ መዝሙረ ዳዊትን "ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል" የሚለውን ጨምሬ፣ ሦስት ሌላ ጥቅስ ደርቤ፣ 900 ቃል አድርጌ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት። እዚህ የተወለደች የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛዬን አስተካክላ ቀባባችልኝ። ላክሁት። ምንም አልመጣም።

ከአራት ወር በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መመሪያውን ያነበብኩት። እውነቱን ለመናገር እዚያው ወንበሬ ላይ አፈርኩ። የሚፈልጉት ወደ 300 ቃል ነው፤ እኔ ሦስት እጥፍ ልኬያለሁ። አንድ ነጥብ ብቻ ያዝ ይላል፤ እኔ አራት ይዣለሁ። ከዚህ ቀደም የታተመ፣ መዝሙር፣ ግጥም አንቀበልም ይላል። ሰው ሁሉ የሰማውን የታወቀ ምሳሌም እንዳታመጣ ይላል። ቀጥሎ ያለው መስመር ግን ለኔ ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለው፦ የቃላት ጨዋታ አይሆንም፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ወደ ብዙ ቋንቋ ይተረጎማል፣ ጨዋታው ደግሞ አይተረጎምም።

እንግዲህ የቅኔ ቤት የእህል ውኃ ለቀመስን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የኛ ሰው የሚኮራበት ነገር ሁሉ በአንድ መስመር ተሰረዘ። በመጀመሪያ ተናደድኩ፣ ፈረንጅ መቼ ይገባዋል ምናምን ብዬ። ኋላ ሳስበው ልክ ናቸው። ኮሪያ ያለ አንባቢ የኔን "ጥላ" ምን ያደርጋታል?

ሁለተኛው ነገር ከዚህም የባሰ ከበደኝ። "እኔ" በል ይላሉ። የራስህን ገጠመኝ ንገረን፣ ታሪክህን ከአንተ በላይ የሚያውቀው የለም ይላሉ። እኛ ጋ ስብከት ከንባቡ ይነሣል፣ በአባቶች ይሄዳል፣ ሰባኪው ስለ ራሱ ካወራ ትዕቢት ነው። የድሮ ቁም ጸሐፊ እንኳ ዓመት ሙሉ ብራና ላይ ተደፍቶ ከርሞ፣ ስሙን ካስገባ መጨረሻ ላይ፣ ለዚያውም "ጸልዩልኝ" ለማለት ነው። ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ ምስክርነት የሚባለውን ስለለመዱት በዚህ በኩል ይቀድሙናል፤ ይህን ያለ ቅናት አይደለም የምለው። እኔ ስለ ራሴ ከእግዚአብሔር ስም ጋር አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ጣቴ አልሄድ አለኝ።

የሄደልኝ ከጋራዡ ነው።

ከጠዋቱ ፈረቃ ደንበኞች አንዱ ሽማግሌ ናቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሚነዷት መኪና ከእሳቸው ብዙም የማታንስ። ሁለት ዓመት ሙሉ "ታይለር" እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብበው ምላሳቸው የወሰዳቸው እዚያ ነው። እኔም አላረምኳቸውም፤ "ጥ"ን ለፈረንጅ አፍ ማስተማር ትርፉ ድካም ነው ብዬ። አንድ ቀን ግን መስኮቱን ዝቅ አደረጉና "ቀስ ብለህ ስምህን በለኝ" አሉኝ። አልኳቸው። ሞከሩ፣ አልሆነም። በማግስቱ ደግመው ሞከሩ። ሳምንት ሙሉ ቲኬት በተቀበሉ ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ይለማመዱ ነበር። አርብ ላይ "ጥ"ዋ ሙሉ በሙሉ ባትወጣም ስሜ ወጣ። እኔም ቲኬት ቤቱ ውስጥ ዓይኔ ውኃ ሞላ፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምናልባት ይህ አገር ከገባሁ ወዲህ ለስሜ እንዲህ የደከመ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

ማታ ኢሳይያስ 43 ቁጥር 1ን አነበብኩ፣ "በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ" የሚለውን። አለቀ። አንድ ሰው፣ አንድ ነገር፣ አንድ ጥቅስ።

አሁን ጽሑፉን ስጽፈው ያየሁት ነገር አለ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት፣ 700 ቃል መጣ። ስሜ ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራራ አንድ ሙሉ አንቀጽ ነበረው፣ ሰሙም ወርቁም። እሱ ነበር የምወደው አንቀጽ። እሱን ነው መጀመሪያ የቆረጥኩት። እንግሊዝኛውን ራሴ ጻፍኩ፣ በምችለው አጭር አረፍተ ነገር። የእህቴን ልጅ "ሰዋስው ብቻ እዪልኝ፣ አታሳምሪው" አልኳት። "ጋሼ፣ በጣም ቀላል አልሆነም?" አለችኝ። ይሁን አልኳት። መመሪያው የጠየቀውን ቅርጽ ጨመርኩ፤ ርዕስ፣ የሚነበብ ክፍል፣ ጥቅስ፣ ታሪኩ፣ ሁለት መስመር ጸሎት፣ የቀኑ ሐሳብ። የቀኑ ሐሳቤ "ዛሬ የአንድ ሰው ስም በትክክል እማራለሁ" የሚል ነበር። ሲቆጠር 290 ቃል ገደማ። በሦስት ሌሊት 11 ሰዓት ፈጀብኝ። 30 ዶላርን ለ11 አካፍሉት፤ በሰዓት ሦስት ዶላር አይሞላም።

ሳልልከው በፊት ሽማግሌውን አስፈቀድኳቸው። ስማቸውን አልጻፍኩም፣ ግን ጽሑፉ የሳቸውም ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የጎረቤቱን ፍቺ፣ የአጎቱን ልጅ እስር "ለምስክርነት" ብሎ ያወጣና ኋላ በለቅሶ ቤት መተያየት ያቅታል። አስፈቅዱ።

ከዚያ ጥበቃ። እነዚህ መጽሔቶች ከዓመት በላይ አስቀድመው ነው የሚያዘጋጁት። የገና ጽሑፍ በገና ሰሞን የሚልክ ሰው ለዘንድሮ አልደረሰም፤ በኅዳር ስለ ፋሲካ፣ በሐምሌ ስለ ጥምቀት፣ ለዚያውም ስለ መጪው ሳይሆን ስለ ተከታዩ፣ ማሰብ ያለባችሁ ሰዎች ናችሁ። እኔ ልኬ ረሳሁት ማለት ይቻላል። መልሱ ሲመጣ ጋራዡ ውስጥ ነበርኩ፣ በስልኬ አነበብኩት፣ ከዚያ ደግሜ አነበብኩት። እንወስደዋለን፣ ታትሞ ሲወጣ 30 ዶላር እንከፍላለን፣ ይህን ፈርም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የምትፈርሙት ነገር ከ30 ዶላሩ ይበልጣል። አሜሪካ ውስጥ የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ እንደሚለው የጻፋችሁት ነገር ከጻፋችሁበት ደቂቃ ጀምሮ የእናንተ ነው፤ በጽሑፍ ካላስተላለፋችሁ በቀር መጽሔቱ የሚያገኘው በዚያ እትም የማተም መብት ነው። አፐር ሩም የሚገዛው ለአንድ ጊዜ አትሞ በየቋንቋው እትሞቹ ለመጠቀም ነው፤ ጽሑፉ ኋላ የኔው ነው። "የመጀመሪያ ኅትመት መብት" የሚል ውል ጥሩ ነው፣ ታትሞ ካለቀ በኋላ ለሌላ መጽሔት "ዳግም ኅትመት" ብላችሁ ደግማችሁ ልትሸጡት ትችላላችሁ። "ሁሉም መብት" የሚል ካያችሁ ግን እስክሪብቶውን አስቀምጡና አስቡ። የእናታችሁን ታሪክ በ30 ዶላር ለዘለዓለም ሸጣችሁ ማለት ነው።

ስለ እናት ከተነሣ፣ የኔዋ ደብረ ታቦር ናት። በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ለእግዚአብሔር ቃል ብር ተቀበልክ?" አለችኝ። "በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ" የሚለውን ጠቀሰችብኝ፤ ማቴዎስ 10። እኔም የሉቃስን 10 አመጣሁ፣ "ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል"። "እማዬ፣ ዳዊት የሚያጽፍ ሰው ለቁም ጸሐፊው እህልም ብርም ይሰጥ አልነበረም እንዴ?" አልኳት። "እሱ ብራና ፍቆ ነው፣ አንተ ምን ፋቅህ?" አለችኝ። መልስ የለኝም፣ እስከ ዛሬም የለኝም። በአማርኛ ስጽፍ፣ ለደብራችን መጽሔትም ሆነ ለማኅበሩ፣ እንደ አገልግሎት ነው የማየው፣ ጠይቄም አላውቅ። በእንግሊዝኛ ለሌላ ድርጅት ስጽፍ ሥራ ነው። ይህ አከፋፈል ለነገረ መለኮት ሰው ላያጠግብ ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ አይነሳኝም።

ገንዘቡ ሲመጣ የሠራሁት ስሕተት የራሴው ነው። እዚህ አገር ድርጅት ከመክፈሉ በፊት ደብልዩ ናይን የሚባል የግብር ቅጽ ያስሞላል። እኔ ለጽሑፉ የተጠቀምኩትን የስም አጻጻፍ ሞላሁ፣ በአንድ ኤል። የባንክ ደብተሬና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ሁለት ኤል ናቸው። ስም እንደየቢሮው የሚገለበጥብን ሰዎች ስለሆንን ይህን ታውቁታላችሁ። ስለ ስሜ ጽፌ፣ ስሜን አበላሽቼ፣ 30 ዶላሬን ይዤ ባንክ መስኮት ላይ "ይህ እኔ ነኝ" እያልኩ መታወቂያ ሳሳይ ግማሽ ሰዓት። ቅጹ ላይ የምትጽፉት የሶሻሉን ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የምትጽፉ ከሆነ ቅጹ ሌላ ነው፣ ደብልዩ ኤይት ቤን። እዚህ ሆናችሁ የሥራ ፈቃዳችሁ ያልመጣላችሁ ደግሞ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ 30 ዶላርም ገቢ ነው። እኔ ሁሌም ዓመታዊ ግብሬ ላይ አሳውቃለሁ። ከ400 ዶላር በታች የተጣራ ትርፍ ላይ የራስ ሥራ ግብሩ አይመጣም፣ ገቢውን መደበቅ ግን አይቻልም።

ሌሎቹ ሁለት ክፍያዎች የመጡት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በየዓመቱ የሚወጣውን የክርስቲያን ጸሐፊዎች የገበያ መመሪያ ጠየቅሁ፤ የትኛው መጽሔት ስንት ቃል እንደሚፈልግ፣ ስንት እንደሚከፍል፣ በደብዳቤ መጀመሪያ ሐሳብ ይፈልግ እንደሆነ ወይስ ሙሉ ጽሑፍ፣ በዝርዝር አለው። ከዚያ ግን የማረጋግጠው ከመጽሔቱ ከራሱ ነው፣ ምክንያቱም ይዘጋሉ፣ ይቀየራሉ፣ አንዳንዶቹም በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የተጻፈ አንቀበልም የሚል መስመር በቅርቡ ጨምረዋል። በዓመት የሚሠሩበትን የርዕስ ዝርዝር የሚያወጡ አሉ፤ እነሱ ጋ መላክ ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ከመወርወር ይሻላል። 85ቱ ለአረጋውያን ከሚዘጋጅ መጽሔት ነው። 120ዋ የኔ ታሪክ እንኳ አይደለችም፤ የአንዲት የሠፈራችን እናት ናት፣ እኔ እየጠየቅሁ በእሳቸው አንደበት የጻፍኩት። ይህ መንገድ እንዳለ ያወቅሁት ጋይድፖስትስ ከሚባል መጽሔት መመሪያ ነው። ኖርማን ቪንሰንት ፒል ከሌሎች ጋር በ1945 የመሠረተው ነው፣ ሥራው ሁሉ "እኔ" እያለ የሚናገር እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ግን የሌላን ሰው ታሪክ በባለቤቱ ስም ብትጽፍለትም ይቀበላል። እኔን እዚያ አልተቀበሉኝም፣ ሁለት ጊዜ፣ እና ጥፋቱ የኔ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ምን እንደተለወጠ የማይታይ ታሪክ ነው የላክሁት። በየቤቱ ግን እናቶች አሉን፣ ሱዳንን በእግራቸው ያቋረጡ፣ ቤይሩት ሰው ቤት ያገለገሉ፣ እንግሊዝኛ የማይጽፉ። ገንዘቡን ማን እንደሚወስድ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኔ ከእሳቸው ጋር እኩል ተካፍያለሁ።

አራተኛው ያልተከፈለኝ ነው። 1200 ቃል፣ በቃል 8 ሳንቲም፣ 96 ዶላር ሊሰጡኝ። "ሲታተም እንከፍላለን" አሉ፣ ታተመ፣ ከዚያ ለኢሜይል መልስ የሚሰጥ ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶም መጽሔቱ ራሱ ጠፋ። ስማቸውን አላነሳም። "ስንቀበል እንከፍላለን" የሚል መጽሔትና "ሲታተም" የሚል መጽሔት እኩል ዋጋ ቢሰጡኝ አሁን ለየትኛው እንደምልክ ግልጽ ነው። ሌላ አንዱ ደግሞ ጽሑፌን በስብስብ መጽሐፍ ላይ እንደሚያወጣው ጽፎ፣ ከታች በትንሹ 20 ቅጂ እንድገዛ ጠየቀኝ። እሱን ሳልመልስለት ቀረሁ። ጸሐፊ የሚከፍልበት ሥራ ከሆነ ደንበኛው ጸሐፊው ነው ማለት ነው።

መጽሔቷ ስትመጣ ሁለት ቅጂ ያዝኩ። አንዷን ለእናቴ ላክሁ፤ ማንበብ ባትችልም ስሜን አይታ ሳመችው አሉ፣ ስለ ብሩ ግን ደግማ አላነሳችም። ሁለተኛዋን ለሽማግሌው አዘጋጀሁ። ጠዋት መጡ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፣ ገጹን ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው መሪው ላይ አስደግፈው አነበቡ፣ እስከ ጸሎቱ። ከኋላቸው ሁለት መኪና ተሰልፏል።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ግን ምን ማለት እንደሆነ አልጻፍክም። ስምህ።"

ጥላ ማለት መከለያ ነው አልኳቸው፣ ከፀሐይ የሚያሳርፍ። ቀና ብለው በላያችን ያለውን ባለ አምስት ፎቅ ኮንክሪት አዩና ከት ብለው ሳቁ። ሌላም ትርጉም አለው ብዬ ልጀምር ስል ከኋላ ያለው ክላክስ አደረገ። በሩን ከፈትኩላቸው።